ጋልቫናይዝድ ስበይድ የዋልኩ ማታ ለምን ያንቀጠቅጠኛል?

ጥያቄው ከአንድ ወጣት በያጅ የመጣ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰሞኑን የምሠራው የጋልቫናይዝድ ቱቦላሬ አጥር ነው። ቀን ምንም አይለኝም። ማታ ግን አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኝና ያንቀጠቅጠኛል፣ ትኩሳቱም ይከተላል። በማግስቱ ግን ይለቀኛል። የጨርቅ ማስክ አደርጋለሁ። ጓደኛዬ የአየር ጥራት መለኪያ አምጥቶ ቢያይልኝ ቁጥሩ ደህና ነው። ወተት ጠጣበት ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ የነገርከኝ ሁሉ የብረት ጭስ ትኩሳት የሚባለውን ይመስላል። መነሻው ቱቦላሬው የተለበጠበት ዚንክ ነው። ብረት ለመቅለጥ 1500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል፤ ዚንክ ግን በ907 ዲግሪ ይፈላል። ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ተንኖ ይነሣል ማለት ነው። እንፋሎቱ ከአርኩ፣ ማለትም ብረቱን ከሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ ትንሽ ፈቀቅ እንዳለ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይቀዘቅዝና ብናኝ ይሆናል። ከብየዳው ግራና ቀኝ የሚያርፈው ነጭ ዱቄት፣ አንዳንዴም እንደ ሸረሪት ድር በአየር ላይ የሚንሳፈፈው እሱ ነው።

ዓይንህ የሚያየው ግን ተያይዞ የተጠራቀመውን ብቻ ነው። አንዱ ቅንጣት መጀመሪያ ሲፈጠር ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ትልልቁ አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ግራይንደር ስትይዝ ውለህ ስትናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነገር እሱ ነው። ደቃቁ ግን አልፎ ኦክስጅን ወደ ደም እስከሚገባባቸው የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ሳንባው እዚያ ሲቆጣ ነው ሰውነትህ በትኩሳት የሚመልሰው። ይህ የሚሆነው ጭሱን ከተነፈስክ ከ4 እስከ 10 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ቀን ደህና ውለህ ማታ ይጥልሃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይለቅሃል። ዕረፍት ወጥተህ ስትመለስ የመጀመሪያው ቀን ይብሳል፣ በተከታታይ ስትሠራ ደግሞ ይቀልልሃል። ብዙ በያጅ «ለመድኩት» የሚለው ይህን ነው። ትኩሳቱ ይቀንሳል እንጂ የምትተነፍሰው ጭስ አልቀነሰም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርህ። አንዳንድ ብሎኖች በካድሚየም የተለበጡ ናቸው፣ ካድሚየም ያለበት የብር ብየዳ ዘንግም አለ። የካድሚየም ጭስ ሲጀምር ልክ እንዳንተው ትኩሳት ነው። ከዚያ ግን በመልቀቅ ፋንታ እየባሰ ይሄዳል፣ ሳንባውን ያቃጥላል፣ ሰውም ገድሏል። ምን እንደተለበጠ የማታውቀውን ብረት አትበይድ። ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከጨመቀህ ወይም ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ካልለቀቀህ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ምን ብረት ስትበይድ እንደዋልክም ሳትጠየቅ ተናገር። ካልነገርከው ሐኪሙ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ አይቶ ሌላ በሽታ ነው የሚፈልገው።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብለህ ነገሩን እንዳትተወውም እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት ጋር መድቦታል። ያለ ልባጭ ተራውን ብረት የሚበይድም ከዚህ አይወጣም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጭስ የሚመጣው ከኤሌክትሮዱ፣ እየቀለጠ ከሚያልቀው የብየዳ ዘንግ፣ ነው። ስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ሲሆን ክሮሚየምና ኒኬል ይጨመርበታል። ደቃቁ ብናኝ ደግሞ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። በዚያው ዓመት በወጣ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ደቃቅ የወርቅ ብናኝ እንዲተነፍሱ ተደርጎ ወርቁ ደማቸው ውስጥ ተገኝቷል፤ ከ3 ወር በኋላም አልጠፋም ነበር። በአርጎን ጋዝ የሚሠራው ብየዳ ንጹሕ ነው የሚሉህን አትመን። ጭሱ በሚዛን ያንሳል፣ ቅንጣቶቹ ግን ይበልጥ ደቃቅ ናቸው፣ ሳንባ የሚያስቆጣው ኦዞን የሚባል ጋዝም አለበት።

ወደ መለኪያው ልምጣ። የጓደኛህ መሣሪያ አልተበላሸም፤ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ በብርሃን ጨረር የሚሠሩ ትናንሽ መለኪያዎች ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን እምብዛም አያዩም። በዚያ ላይ ውጤቱን የሚሰጡት በክብደት ነው። 2.5 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ ቅንጣት፣ ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ 125,000 ባለ 50 ናኖሜትር ቅንጣቶችን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አየሩ በደቃቁ ተሞልቶም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። ደቃቁ የሚለካው በቆጠራ ነው፤ ለዚያ የተሠራው መሣሪያ በየቅንጣቱ ላይ የአልኮል እንፋሎት አስይዞ አሳብጦ ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር በአንድ ሰዓት አማካይ ከ20,000 ቅንጣት በላይ ሲሆን ከፍተኛ ነው ብሏል። በአርክ ጭስ ውስጥ ያለው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጓደኛህን ቁጥር አይተህ ማስክ አታውልቅ።

ወተቱ የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ከወደድከው ጠጣ፣ መከላከያ ግን አይደለም።

መፍትሔው ከብረቱ ይጀምራል። የምትበይደውን ቦታ ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዚንኩን በግራይንደር አንሣና ብሩህ ብረት እስኪወጣ አጽዳው፤ ያን ጊዜም ማስክህ አይውለቅ። በነበልባል አቃጥዬ ላስለቅቀው እንዳትል፣ የምትሸሸውን ጭስ ራስህ እያመረትክ ነው። ቱቦላሬ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ውስጡ ነው። ውስጡም ዚንክ አለበት፣ ግራይንደር ደግሞ አይደርስበትም። ስትበይድ ልብ ብለህ ብታይ ነጩ ጭስ በክፍቱ ጫፍ እየተገፋ ሲወጣ ታያለህ። ያንን ጫፍ እንዳትደፍነው፣ የታመቀው አየር ሲግል የቀለጠውን ብረት ይገፋብሃል፤ ግን ጫፉን ከፊትህ አዙረው። ሥራው ሲያልቅ የተላጠውን ዚንክ ባለበት ቀለም ቀባው፣ አለዚያ አጥሩ መዛግ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የጭሱ መንገድ ነው። ጭሱ ከአርኩ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብዙ በያጅ ደግሞ በላዩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሥራውን ከፍ አድርገህ ጭንቅላትህን ወደ ጎን አውጣ። ማራገቢያ ካለህ ከጀርባህ አታድርገው፤ ነፋሱ በአካልህ ዙሪያ ተጠምዝዞ ጭሱን ወደ ፊትህ ይመልሰዋል። ከጎን ይንፈስ። ጭስ መሳቢያ ቱቦ ካለህ ምስጢሩ ርቀቱ ነው። ከቱቦው አፍ የአፉን ስፋት ያህል ስትርቅ የመሳብ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አፉ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ በ15 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አቅሙ ከሞላ ጎደል አልቋል ማለት ነው። እጅህ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቱቦውንም አንቀሳቅሰው። ብየዳውን ከአየር በሚከላከል ጋዝ ስትበይድ ግን ከመጠን በላይ አታስጠጋው፣ መከላከያ ጋዙን ይስብብህና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

የጨርቅ ማስኩን ተወው። እንደዚህ ደቃቅ ከሆነ የትኛውም ማጣሪያ አይዘውም የሚል ሰው ይኖራል፤ አይደለም። በጣም ደቃቁ ቅንጣት የአየሩ ሞለኪውሎች እየመቱት ወዲያ ወዲህ ስለሚል ከማጣሪያው ክር ጋር ይጋጭና ይጣበቃል። ለማጣሪያ የሚያስቸግሩት ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር አካባቢ ያሉት ናቸው፤ ኤን95 የተባለው ማስክ በነዚህ ላይ ተፈትኖ ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። ለአንተ የምመርጥልህ ግን የጎማ ግማሽ ፊት ማስክ ከኤን95 ይበልጥ ከሚያጣራው ከፒ100 ማጣሪያ ጋር ነው፣ በብየዳው ሄልሜት ሥር የሚገባ ጠፍጣፋውን። ብናኙ የሚገባብህ በማጣሪያው ሳይሆን በዳር በኩል ነው፤ ጺም ካለህ ማስኩ በምንም አይገጥምም። ከመጀመርህ በፊት ሁለቱን ማጣሪያዎች በመዳፍህ ድፈንና አየር ሳብ። ማስኩ ወደ ፊትህ ተስቦ ከቆየ ገጥሟል። በአፍንጫህ ጎን ቀዝቃዛ አየር ከተሰማህ ማሰሪያውን አስተካክለህ ድገመው። መተንፈስ ሲከብድህ ማጣሪያው ሞልቷልና ለውጠው እንጂ በአየር አናፍሰህ አትመልሰው።