«ሕጉ እንደዛ ይላል እንዴ?» የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ጽንስ ስለማቋረጥ የላካችሁት ጥያቄ በዛብኝ፣ ግማሹ ደግሞ ወሬ ነው፤ አንዱ «እኛ ሀገር ጭራሽ ክልክል ነው» ይላል ሌላው «ተፈቅዷል እኮ» ይላል፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። በሉ እንጀምር።

ከሸዋ ሮቢት፦ «እህቴ ተደፍራ አረገዘች። ፖሊስ ጋ ከስሳ ወረቀት ካላመጣች ጤና ጣቢያ አይቀበላትም ይሉናል።»

ውሸት ነው! በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በመደፈር ወይ ከቅርብ ዘመድ የመጣ ጽንስ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 552 ደግሞ ሴትየዋ እንደዛ ነው ያረገዝኩት ብላ መናገሯ ብቻ ይበቃል ይላል። የፖሊስ ወረቀት የለ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የለ፣ የደፋሪው ስም የለ። በጤና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ከጠየቀች በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማግኘት አለባት። መክሰሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ትክሰሰው፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ግን ክሱ እስኪያልቅ ሆዷ አይጠብቅም። እኛ ጋ ያለው ችግር ደሞ ሽማግሌ ገብቶ «ያግባት ይለቅ» እያለ ሲያመላልስ ወር ሁለት ወር ይሄዳል፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ነገሩ ገና 72 ሰዓት ያልሞላው ከሆነ ደግሞ ኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ስላለ ዛሬውኑ ውሰዳት።

ከደብረ ብርሃን፣ ተማሪ፦ «17 ዓመቴ ነው፣ መታወቂያ የለኝም።»

የኔ እናት፣ ዕድሜሽን ስትናገሪ ያልሽውን ነው የሚመዘግቡት፣ ማስረጃ አምጪ አይሉሽም። ሕጉ በአካልም በአእምሮም ልጅ ለማሳደግ ያልደረሰችን ልጅ ከሚፈቀድላቸው ውስጥ አስገብቷታል። በጊዜ ሂጂ፣ ወራቱ በገፋ ቁጥር ሕክምናው ይከብዳል።

ከመንዝ፦ «አራት ልጅ አለኝ፣ አምስተኛውን የማበላው የለኝም። ድህነት ይቆጠርልኛል?»

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ድህነት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። አንቀጽ 550 ከባድ ድህነትን ያነሳል፣ ግን ተከሳ ለተፈረደባት ሴት ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ነው፣ ይሄ ደሞ ከነገሩ በኋላ ምን ይሠራል ብለው ቢጠይቁኝ መልስ የለኝም። ግን ጤናዎን የሚጎዳ ነገር ካለ፣ ደም ግፊትም ይሁን ሌላ፣ ያ በሕጉ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ቤት ተቀምጠው አይጨነቁ፣ ሄደው ይመርመሩና ሁሉንም ይንገሯቸው።

ከደብረ ሲና፦ «አሜሪካ እንደፈለጉ ነው አይደል?»

ነበር ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው መብት ነው ብሎ ነበር፣ በ2022 ራሱ ፍርድ ቤቱ ሻረውና አሁን እንደየስቴቱ ሆኗል፣ አንዱ ጋ ጭራሽ ክልክል ድንበር ሲሻገሩ ደሞ የተፈቀደ። ካቶሊክ የበዛባት አየርላንድ በተቃራኒው በ2018 ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ ፈቀደች፣ ቱኒዚያማ ሙስሊም ሀገር ሆና ከ1973 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሴቷ ጥያቄ ትፈቅዳለች። ኤል ሳልቫዶር ደሞ የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ቢሆን እንኳ አትፈቅድም። ቤይሩት የምትሄዱ እህቶችም ስሙ፣ ሊባኖስ ሕግ የሚፈቅደው የእናትየዋን ሕይወት ለማዳን ብቻ ነው።

ከሸኖ፦ «ጓደኛዬ ከሰው ክኒን ገዝታ ውጣለች፣ ደሙ አልቆም አላት። ሐኪም ጋ ብትሄድ ትታሰራለች ብላ ፈራች።»

ለዚህችኛዋ ጥያቄው እንደደረሰኝ ወዲያው መልሻለሁ፣ እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። በሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ትኩሳት ወይ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ወይ ራሷን ከሳተች፣ ንጋትን አትጠብቁ። ከውርጃ በኋላ የሚደረግ ሕክምና ለማንኛዋም ሴት ይሰጣል፣ እንዴት ነው የወረደው ተብሎ ተመርምሮ አይደለም። የዋጠችውን ክኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ያንን ማየት ይፈልጋል። ልጅቷ በዛው ሌሊት በባጃጅ ደርሳለች።