ስኼቬኒንገን ለምትመጡ፦ ጠይቁኝ

ሙቀት ሲመጣ ሁሉም ወደ ሆላንዷ ሄግ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ስኼቬኒንገን ይጎርፋል። እኔ ሄግ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ከስኼቬኒንገን አሸዋም ብዙ አልርቅም። ያልገባችሁን ጠይቁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ ውሃ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ግቡ።

ተጓዥ (አዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ በክረምት ልመጣ አስቤያለሁ። ጥሩ ጊዜ ነው?

መልስ፦ የትኛው ክረምት? የኛ ክረምት፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ እዚህ በጋ ስለሆነ ና። የእነሱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ወፍራም ካፖርት ያዝ። ባሕሩ በነሐሴ እንኳ 18 ወይም 19 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሶደሬን እያሰብክ እንዳትመጣ።

ቴዲ (ፍራንክፈርት)፦ ቪዛና ሆቴል ላይ ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ቪዛ ኤምባሲ ጠይቅ። ሆቴል አላውቅም፣ የምኖረው እዚሁ ነው።

የሎዛ እናት (አንትወርፐን)፦ ከባቡር ጣቢያው በምን እንሂድ? በመኪና ብንመጣስ?

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናውን ተዪው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ፓርኪንግ ስትፈልጊ ቀኑ ያልቅብሻል። ከሄግ ሴንትራል ትራም 9 ያዙና ኩርሃውስ (ባሕር ዳር ያለው አሮጌ ትልቅ ሆቴል) ላይ ውረዱ። የባንክ ካርዳችሁን ስትገቡ ማሽኑ ላይ አስነኩ፣ ስትወርዱም አስነኩ። መውረጃው ላይ የሚረሳ ብዙ ነው።

ጊዜ ካላችሁ በትራም 1 ተመለሱ። በሰላም ቤተ መንግሥት በኩል ያልፋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን በሚያዝያ 2002 ውሳኔውን ያሳወቀው ከዚህ ከተማ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ሥራ ይሠራ የነበረው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት መቀመጫውም ያ ሕንፃ ነው። ባለፍኩ ቁጥር ባድመ ላይ የቀሩት ልጆች ትዝ ይሉኛል።

የሎዛ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ዳር ላይ ውሃው ከጉልበት አያልፍም አሉኝ። ብቻዋን ብትጫወት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። እባካችሁ ይህን ሁላችሁም አንብቡት።

ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከውሃው በታች፣ የአሸዋ ጉብታዎች አሉ። ማዕበሉ ውሃውን በጉብታው ላይ እያሻገረ ወደ ዳር ይገፋል። ያ ውሃ መመለስ አለበት። የሚመለሰው ጉብታው በተቋረጠበት ክፍተት በኩል ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ደቾች ሙይ ይሉታል። ባሕሩ ሲጎድል ደግሞ ይበረታል።

ክፋቱ መልኩ ላይ ነው። ሙይ ያለበት ቦታ ማዕበሉ አይሰበርም። ውሃው ጠቆር፣ ጸጥ ይላል። ማዕበል የሚፈራ ሰው፣ በተለይ ልጅ የያዘ፣ «እዚህ ይሻላል» ብሎ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደዚያ ነው። እኔም በመጣሁ በመጀመሪያው በጋ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ወገቤ ድረስ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ እግሬ አሸዋ አጣ። ጎትተው ያወጡኝ ነፍስ አድኖቹ ናቸው።

ከወሰዳችሁ ወደ ዳር ቀጥታ አትታገሉ። ጉልበት ይጨርሳል። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሱ፣ ጩኹ። ጉብታውን ካለፈ በኋላ ይደክማል። ያኔ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና ማዕበል በሚሰበርበት በኩል ተመለሱ። ዳር ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ ዘሎ አይግባ። 112 ይደውል።

ሎዛን በተመለከተ፦ እጅሽ ከሚደርስበት አትራቅ። ነፍስ አድኖቹ ጋ ሂጂና ስልክሽን የሚጽፉበት የእጅ ማሰሪያ ጠይቂ። የምትነፋ ጎማ ወይም ፍራሽ ቤት ትቅር። ብዙ ጊዜ በጣም በሚሞቅበት ቀን ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ጎማዋን ይዟት ይሄዳል።

ላንጋኖ፦ ትንሽ አላጋነንከውም? እኔ ከልጅነቴ ላንጋኖ ስዋኝ ነው ያደግኩት።

መልስ፦ አላጋነንኩም ወንድሜ። ላንጋኖ ሐይቅ ነው። በቀን ሁለቴ የሚሞላና የሚጎድል ውሃ የለውም። በግንቦት 2020 እዚሁ ስኼቬኒንገን፣ ከወደቡ ሰሜናዊ ግንብ አጠገብ፣ አምስት የማዕበል ስፖርተኞች በአንድ ቀን ሞቱ። ባሕሩን የሚያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ከባድ ነፋስና እጅግ ወፍራም የባሕር አረፋ ነበር። ካንተ የተሻለ ይዋኙ ነበር፤ ከእኔም።

ሰንበቴ፦ እኔ የምመጣው በፍልሰታ ነው። ታዋቂውን ሄሪንግ ዓሣ በጾም መብላት ይቻላል?

ቴዲ፦ ዓሣ ሥጋ አይደለም፣ ይበላል። እኛ ቤት ሲበላ ነው ያደግነው።

ላንጋኖ፦ የእናንተ ቤት ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም። ደም ያለው ሁሉ አይበላም።

ቴዲ፦ ታዲያ ጣና ዳር ያለው ሕዝብ በጾም ምን ሊበላ ነው?

ላንጋኖ፦ ሽሮ።

መልስ፦ ይብቃችሁ። ሰንበቴ፣ ጾሙን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ዓሣውን ግን እኔ ልንገርሽ። በእሳት አይበስልም። ሆድቃው በጉሮሮው በኩል ይወጣል፤ ቆሽቱ ግን ይቀራል። በጨው ሲቀመጥ ሥጋውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ሕያው ትል እንዳይኖረው በግዴታ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። «አዲሱ» የሚባለው በሰኔ አካባቢ የሚመጣው ነው፤ ቢያንስ 16 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል። ከተከተፈ ሽንኩርት ጋር ይቀርባል። ቁርጥ የለመደ ሰው ይወደዋል።

እህት ከሮም፦ የቦታውን ስም እንዴት ነው የምንጠራው? ትራም ላይ ሳቁብኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ «ስ»፣ ወዲያው «ኼ»። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደቾች ጀርመናዊን ለመለየት ይህን ስም ጥራ ይሉት እንደነበር ይነገራል። መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ያለው «ሺቦሌት» ማለት ነው። እኛ «ኸ» አለን፣ አያቅተንም።

ተጓዥ፦ ዝናብ ከሆነስ?

መልስ፦ ይሆናልም። ያኔ ከተማው ውስጥ ፓኖራማ ሜስዳኽ ግባ። በ1881 የተሣለ ክብ ሥዕል ነው፤ ቁመቱ 14 ሜትር፣ ዙሪያው 120 ሜትር ገደማ። መሐሉ ላይ ስትቆም የያኔው ስኼቬኒንገን ይከብብሃል። ወደብ ገና ስለሌለ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተጎትተው ወጥተዋል። ሠዓሊው ቆሞ ያየበት የአሸዋ ኮረብታ ዛሬ የለም፤ ተደልድሏል። እኔ ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፣ አሁንም አይሰለቸኝም።

ቴዲ፦ ፒሩ (ባሕሩ ላይ የተዘረጋው ድልድይ) እና ኩርሃውስ ያዋጣሉ?

መልስ፦ ፒሩ ላይ ንፋስ ተቀበል። ኩርሃውስ የ1885 ሕንፃ ነው፤ በዓመቱ ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ከውጭ ማየት ይበቃል።

ሰንበቴ፦ ቤተሰብ ይዤ ነው። ራቁታቸውን የሚዋኙበት ቦታ አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አለ። ወደ ሰሜን፣ ዝዋርተ ፓድ የሚባለውን መንገድ አልፎ። ከፒሩ ብዙ ካልራቃችሁ አታገኙትም።

እህት ከሮም፦ ለመዋኘት የትኛው ቦታ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ መጀመሪያ ላይ ጽፌዋለሁ። ባንዲራዎቹ መካከል። ቢጫ ብቻ ከሆነ አደገኛ ነው፣ አትግቢ። ቀይ ከሆነ ክልክል ነው።

የሎዛ እናት፦ ቅዳሜ እንመጣለን። ስንደርስ ምንም ባንዲራ ካልተሰቀለስ?

መልስ፦ ካልተሰቀለ ጠባቂ የለም። ባልዲና አካፋ ያዙላት፣ አሸዋ ላይ ትጫወት።