ኬሞ ላይ ሆኖ ስለ መሮጥ፦ ለወንድማችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ በታካሚዎች ቡድናችን ውስጥ የጻፍከውን ጥያቄ ትናንት ማታ አንብቤ መልሱ በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ዛሬ ጊዜ ወስጄ እጽፍልሃለሁ። የ38 ዓመት ሰው መሆንህን፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶብህ ቀዶ ጥገና እንደተደረገልህ፣ ሐኪሞችህ ደረጃ ሦስት ነው ብለው በየ21 ቀኑ የሚሰጠውን ኬሞ እንዳስጀመሩህና ሁለተኛውን ዙር እንደጨረስክ ጽፈሃል። ከመታመምህ በፊት በሳምንት አራት ቀን ትሮጥ ነበር፤ አሁን ግን እናትህና ባለቤትህ ከአልጋ እንዳትነሣ ይለምኑሃል። በመጨረሻም ለህዳሩ ታላቁ ሩጫ የተመዘገብክበትን ቲሸርት ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ 57 ዓመቴ ነው። በሐምሌ 2014 ያንተው ዓይነት ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ፣ ከመስከረም መጨረሻ 2015 ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ያንኑ ኬሞ ስምንት ዙር ወስጃለሁ። ሐኪም ስላልሆንኩ የምጽፍልህን ሁሉ ይዘህ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት።

ኬሞ ላይ ሆኜ መንቀሳቀስ እችላለሁ ወይ ለሚለው ዋናው ጥያቄህ መልሴ አዎ ነው፤ ሐኪምህ የተለየ ምክንያት ካላገኘብህ በስተቀር መንቀሳቀስ ትችላለህ፣ ይኖርብሃልም። መሮጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በእነዚያ ስድስት ወራት የሮጥኩባቸው ቀናት ቢቆጠሩ ከ40 አይበልጡም፤ ጨርሶ በእግሬ ያልሄድኩባቸው ቀናት ግን ከዚያም ያንሳሉ። የጠቀመኝ ቀኑን በሳምንት መቁጠር ትቼ በዙር መቁጠር መጀመሬ ነው። የሩጫ ሰው ማክሰኞ ፍጥነት፣ ሐሙስ ዳገት፣ እሑድ ረጅም እያለ ነው የሚያስበው፤ ኬሞ ግን ማክሰኞንና እሑድን አያውቅም። ኬሞ የወሰድኩበትን ቀን አንድ ብዬ እስከ 21 በግድግዳው ካላንደር ላይ ቁጥር እየጻፍኩ፣ በየቁጥሩ ሥር ሰውነቴ የፈቀደልኝን በአንድ ቃል አሰፍር ነበር። ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ የትኛው ቀን ለአልጋ፣ የትኛው ለግቢ፣ የትኛው ለሜዳ እንደሆነ ካላንደሩ ራሱ ይነግረኝ ጀመር።

ስለ ደም ማነስ ቀድሜ ልንገርህ፤ የእኔ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። በሽታው ከመታወቁ በፊት ስምንት ወር ያህል ሰዓቴ እየወደቀ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ለብዙ ዓመት ሳልቆም የወጣሁ ሰው፣ መሐል ላይ ቆሜ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመርኩ። ዕድሜ ነው ብዬ ጫማ ቀየርኩ፤ የሄድኩበት ክሊኒክም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ መለሰኝ። በመጨረሻ ደሜ ሲታይ ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ነገር፣ ከሚገባው በጣም ዝቅ ብሎ 8.1 ሆኖ ተገኘ፤ ዕጢው ለዓይን በማይታይ መጠን ደሜን በጥቂት በጥቂቱ ሲያፈስሰው ኖሯል። ኬሞውም በበኩሉ ደም ያሳንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ደም ሲያንስ ሜዳው ሁሉ ዳገት ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚሠራልህን የደም ምርመራ ውጤት ቅጂውን ጠይቀህ ውሰድ። ከሐኪሜ ጋር የተስማማንበት ደንብ ሄሞግሎቢኔ ከ10 በታች ከሆነ ሩጫ እንደሌለና ደልዳላ ቦታ ላይ ማውራት በሚያስችለኝ ፍጥነት ብቻ እንድራመድ ነበር፤ የአንተ ሐኪም ሌላ ቁጥር ሊሰጥህ ይችላል።

አሁን ወደ ዙሩ ልግባ። የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ቀናት የብርድ ቀናት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር የሚሰጥህ ኦክሳሊፕላቲን ነርቭን ለቅዝቃዜ ከመጠን በላይ ስስ ያደርገዋል። ነርሷ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳልጠጣና ከማቀዝቀዣ ውስጥ በባዶ እጄ ዕቃ እንዳላወጣ ነግራኛለች፤ የማለዳ አየርን ግን እሷም አላነሣችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በአራተኛው ዙር በሦስተኛው ቀን፣ በህዳር መጨረሻ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ጃን ሜዳ ደረስኩ። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ሜዳውን አንድ ጊዜ በሶምሶማ ዞሬ ሁለተኛውን ስጀምር ጉሮሮዬ ባንዴ የተዘጋ መሰለኝ፤ ጣቶቼ ደርቀው መታጠፍ አቃታቸው፤ አፌን ከፍቼ ልጮህ ብል ድምፅ አልወጣም። አየሩ በደንብ ይገባ እንደነበረና የተዛባው ስሜቱ ብቻ እንደሆነ ሐኪሜ የነገረኝ በማግስቱ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን የምሞት መስሎኝ ነበር። ከሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ልጅ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ ትኩስ ብርጭቆ በሁለት እጄ አስይዛ እንፋሎቱን ወደ ፊቴ አስጠጋችልኝ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ በእነዚህ ቀናት የምወጣው ፀሐይዋ ከሞቀች በኋላ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ የሱፍ ጓንት አድርጌና አፍንጫና አፌን በአንገት ልብስ ሸፍኜ ሆነ። በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጨርሶ ከግቢ አልወጣም፤ ከበረንዳው እስከ በሩ እየተመላለስኩ አሥር ደቂቃ ከሞላሁ ለዕለቱ በቂዬ ነበር። አንተም የያዝከው ኬሞ በጥቅምትና በህዳር ብርድ ላይ ስለሚውል ይህን አትርሳ።

ሁለተኛው ነገር ውስጥ እግር ነው፤ በዚህኛው ጥፋቱ የራሴ ነው። ጠዋትና ማታ ለ14 ቀን የምትውጠው ካፔሲታቢን መዳፍንና ውስጥ እግርን ያቀላል፣ ያቃጥላል፣ ሲብስም ይልጣል፤ ሙቀትና ፍትጊያ ደግሞ ያባብሱታል። ሩጫ ከሁለቱም አለበት። በስድስተኛው ዙር በ12ኛው ቀን ሰውነቴ ቀለል ስላለኝ ብቻ፣ እግሬ መቅላቱን እያየሁ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ ከተረከዜ ቆዳ ተከትሎት መጣ። ባለቤቴ አዝና በጨው የሞቀ ውኃ ነከረችልኝ፤ ሙቀቱ ይበልጥ አነደደው። በዚህ የተነሣ ክኒኑ ለአንድ ሳምንት ተቋረጠብኝ፤ ቀጥሎም መጠኑ ተቀነሰ። አንድ ሰዓት ለማትሞላ ሩጫ ስል መድኃኒቴን አስቀነስኩ ማለት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ስለዚህ እግርህን ማታ ማታ በመብራት እየው። ቀልቶ ካገኘኸው በማግስቱ ሩጫ የለም፤ ሰፋ ያለ ጫማ፣ ወፈር ያለ የጥጥ ካልሲና ሣር ላይ መራመድ ይሻልሃል። ሐኪሜ ቆዳን የሚያለሰልስ፣ ዩሪያ ያለበት ቅባት አዞልኝ ነበር፤ ከመኝታ በፊት ተቀብቼው ካልሲ አደርግበት ነበር። መላጥ ወይም ውኃ መቋጠር ከጀመረ ግን ቀጠሮህን አትጠብቅ፣ ደውል።

ሩጫውን ትተህ በቀጥታ ወደ ሐኪም የምትሄድባቸውን ምልክቶች ባለቤትህም ብታውቃቸው ጥሩ ነው። ይኸው ካፔሲታቢን በአንዳንድ ሰው የልብን የደም ሥሮች እንዲኮማተሩ ስለሚያደርግ፣ ስትንቀሳቀስ ደረትህን ጨምቆ ከያዘህ ድካም ነው ብለህ አትለፈው፤ ቀጣዩንም ክኒን ሐኪም ሳያይህ አትውሰድ። ትኩሳትህ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትሄዳለህ። ተቅማጥ በያዘህ ቀን ሰውነትህ ውኃ ስለሚያጣ ሩጫን አታስበው። አንዱ ባትህ ብቻ አብጦ ካመመህ ወይም ያለምክንያት ትንፋሽ ካጠረህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትህ ዝቅ ባለበት ሳምንት ደግሞ መውደቅ ያለበትን ነገር፣ የሰፈር ኳስን ጨምሮ፣ ተወው። የሆድህ ስፌት እስኪጠናም 20 ሊትር ጀሪካን አታንሣ፤ እኔ ሐኪሜ እስኪፈቅድልኝ ድረስ ጡንቻዬን ያቆየሁት ከወንበር ላይ በእጄ ሳልደገፍ አሥር ጊዜ በመነሣትና በመቀመጥ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ በስምንተኛው ቀን ሞክረው።

ስለ እናትህና ስለ ባለቤትህ የጻፍከውን ሳነብ የእኔን ቤት አየሁት። በእኛ ዘንድ ታማሚ ተኝቶ አጥሚትና ገንፎ ይቀርብለታል፤ ጠያቂም ሲመጣ አልጋው ላይ ሊያገኘው ይጠብቃል። እኔ ቱታ ለብሼ ስወጣ ያየች ጎረቤቴ ለባለቤቴ «እንዲህ የሚሮጥ ሰው ታሟል ብላችሁ ነው ያስጨነቃችሁን?» ብላታለች። ባለቤቴ ያፈረችው በእኔ መሮጥ ሳይሆን እንደማትንከባከበኝ ተደርጎ መታየቱ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በሦስተኛው ዙር ቀጠሮ አብራኝ ገብታ ጥያቄውን ራሷ ለሐኪሙ እንድታቀርብ አደረግሁ። «እንቅልፉም ድካሙም የሚሻለው ሲንቀሳቀስ ነው» የሚለውን ከእሱ አፍ ከሰማች በኋላ ከጎኔ መራመድ ጀመረች፤ ስምንተኛው ዙር ላይ እንዲያውም እኔ አልነሣም ስል የምትቀሰቅሰኝ እሷ ሆነች። የነቢያት ጾም ሲገባም እንዲሁ የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ስላማከርኩና እንድበላ ስላዘዙኝ፣ እንቁላልና ወተት በቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሳያስነሡ ቀረቡልኝ። ሰውነት ሳይመገብ እንዲሮጥ ማድረግ ያለውን ጡንቻ መብላት ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም በሽታው እንዳይመለስ ይረዳል ወይስ ለመንፈስ ብቻ ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን የምመልስልህ ከስሜት ነበር። በ2025 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ አንድ ጥናት ግን ያንተንና የእኔን ዓይነት ሰዎች ነው የተከታተለው። ቀዶ ጥገናና ኬሞ የጨረሱ 889 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ስለ ጤና አኗኗር የሚያስረዳ ጽሑፍ ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ በአሠልጣኝ እየታገዙ ለሦስት ዓመት እንቅስቃሴ አደረጉ። በአምስት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስባቸው ወይም አዲስ ካንሰር ሳይዛቸው የቆዩት ከሚንቀሳቀሱት 80.3 በመቶ፣ ከሌሎቹ 73.9 በመቶ ሆኑ፤ በስምንት ዓመትም በሕይወት የነበሩት 90.3 እና 83.2 በመቶ ነበሩ። የተጠየቁት የእንቅስቃሴ መጠን ከቀድሞው ላይ የሚጨመር፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የመራመድ ያህል ነው፤ ማራቶን የጠየቃቸው የለም። የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት ግን በሚንቀሳቀሱት ላይ በዝቶ ታይቷል። ልብ እንድትልልኝ የምፈልገው ጥናቱ የሚጀምረው ከኬሞ በኋላ መሆኑን ነው። አሁን በኬሞ መሐል ሆነህ የምትሠራው እዚያ ስትደርስ እግር እንዲኖርህ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ሳምንት ቢያመልጥህ ምንም አልጠፋብህም። በዚህ ቡድን ውስጥ በሽታው ወደ አጥንት የተዛመተባችሁም እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ይህ የሩጫ ምክር ለእናንተ እንዳልተጻፈና የትኛው እንቅስቃሴ አጥንታችሁን እንደማይጎዳ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ መጀመር እንደሌለባችሁ አስታውሳለሁ።

ኬሞው ሲያልቅ ሁሉም ነገር ባንዴ ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ። የእኔ የእግር ጣቶች መደንዘዝ ይበልጥ የባሰው ካቆምኩ በኋላ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነበር፤ ኦክሳሊፕላቲን እንዲህ ዓይነት ጠባይ አለው። ከጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሳላውቀው ውዬ ካልሲዬ በደም ርሶ ያገኘሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት ጫማዬን ገልብጬ አራግፋለሁ፣ ኮረኮንች ላይ አልሮጥም፣ ጥርሴን ስቦርሽም በአንድ እግሬ ቆሜ ሚዛኔን እለማመዳለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ግድግዳ ሳልይዝ አምስት ሰከንድ መቆም አልቻልኩም ነበር። ሦስት ዓመት አለፈው፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ አሁንም የእኔ አይመስሉኝም። 10 ኪሎ ሜትር ግን በሶምሶማ እጨርሳለሁ።

ወደ ቲሸርቱ ልምጣ። በ1994 የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከፊት ሆኖ ባሸነፈበት ዕለት፣ እኔ ከኋላ ከሚርመሰመሰው ሕዝብ አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ ጨርቁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። በ2015 ሩጫው የዋለው በሦስተኛው ዙሬ በስድስተኛው ቀን ነበር። ቲሸርቱን ከውስጥ ለብሼ፣ ካፖርትና የአንገት ልብስ ደርቤ መስቀል አደባባይ ዳር ቆሜ አየሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ቤቴ ገባሁ። በ2016 በእግሬ ሄጄ በ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጨረስኩ። አንተ ሦስተኛው ዙርህ መቼ እንደሚጀመር አልጻፍክም፤ መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሩጫው በመጀመሪያው ሳምንት ከዋለ እንደ እኔ ዳር ቁም። ከ16ኛው ቀን በኋላ ከዋለና ሐኪምህ የነጭ ደም ሴልህንና ሄሞግሎቢንህን አይቶ ከፈቀደልህ፣ ግፊያው እስኪያልፍ ጠብቀህ ማስክ አድርገህ ከሁሉም ኋላ ተራመድ፤ ሲደክምህ የምትወጣበትን መንገድና የሚወስድህን ሰው አስቀድመህ አዘጋጅ። ቲሸርቱን ለማንም አትስጥ። የዙሩን ቀንና የሚቀጥለውን የደም ውጤትህን እዚሁ ጻፍልኝና አብረን እንቁጠረው።