ጥቁሩ አለፈን፣ ነጩ ጣለብን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመሃል ሜዳ ወጣ ብለን ነው የምንኖረው። ሰኔ ሲገባ የበልግ ገብሳችን አውድማ ላይ እያለ ሰማዩ ድቅድቅ አለብን። ተሯሩጠን ሸራ አለበስነው፤ ጠብ ሳይል አለፈ። በሳልስቱ ረፋድ ላይ ግን ማዶ ነጭ፣ የሚያምር ደመና ብቻ ነበር የሚታየው። አባቴ ቀና ብለው አዩና «ይሄ ይጥላል» አሉ፤ የሰማቸው የለም። ስምንት ሰዓት ላይ በረዶውን አወረደው። ምን አይተው ነው?
(ከመንዝ ጌራ)

መልስ፦ እህቴ፣ አባትሽ ያዩት ቀለሙን ሳይሆን ቁመቱን ነው። ደመና የሚጠቁረው ወፍራም ሆኖ ብርሃን ሳያሳልፍ ሲቀር፣ አንቺም ከሥሩ ሆነሽ ስታዪው ነው። ያንኑ ደመና ፀሐይ ከምትመታው ጎን የቆመ ሰው ነጭ ሆኖ ያየዋል። የመጀመሪያው ቀን ደመና ሰማዩን ሙሉ የሚለብሰው፣ ሆዱ የሚጥመለመለው ዝርጉ ስትራቶኩሙለስ ሳይሆን አይቀርም። ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ከካፊያ አያልፍም። የአየር ጠባይ ታዛቢ ሆኜ ስሠራ ሰማዩን ስምንት ቦታ ከፍለን ስንቱ እንደተሸፈነ እንመዘግብ ነበር፤ ስምንቱም ተሸፍኖ መለኪያው ውስጥ ጠብታ የማይገኝበት ቀን ሞልቷል።

ነጩ ኩሙለስ ይባላል። ሥሩ ጠፍጣፋ፣ አናቱ ጉብ ጉብ ያለ ነው። ስፋቱ ከቁመቱ በልጦ፣ ተበታትኖ ከዋለ ገብስሽን ውቂ። ቀትር ሳይሞላ ቁመቱ ከስፋቱ ከበለጠ ግን ሸራውን አቅርቢ፤ ዓይንሽም ከአናቱ አይነቀል። የአናቱ ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ ደመናው ገና ውሃ ነው፣ እያደገ ነው። ጠርዙ ደብዝዞ፣ ጭረት ጭረት እያለ፣ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ ወደ ጎን ሲዘረጋ አናቱ በረዶ ሆኗል ማለት ነው። ኩሙሎኒምበስ የሚሉት ይሄንን ነው፤ ቁመቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። መብረቁም ነጎድጓዱም በረዶውም የእሱ ነው።

በረዶው እናንተ ላይ የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ሰማይ ቅዝቃዜው ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል 4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ላይ ነው። መሃል ሜዳ ራሷ 3,000 ሜትር አካባቢ ነች። በረዶው ለመቅለጥ ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አፋር ላይ ቢሆን አብዛኛው መሬት ሳይደርስ ውሃ በሆነ ነበር።

ከደመናው በኩል ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ የቀሯችሁ ደቂቃዎች ናቸው። ብልጭታውን ስታዩ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ካልሞላ ገብሱን ትታችሁ ቤት ግቡ። ዛፍ ሥርም ክምር ሥርም መጠለል አይሆንም።

የስሞቹን መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1802 ሉክ ሀዋርድ የተባለ የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ስሙን ባትይዢው ገብሱ አይከፋውም። የፈረንጅ መጽሐፍ ጨረቃን ቀለበት ሲከባት በማግሥቱ ይዘንባል የሚለውንም እዚያው ለአገራቸው ተዪላቸው። እነሱ ጋ ቀለበቱን የሚሠራው ስስ ደመና ዝናብ ይዞ የሚመጣ ሞቃት አየር ቀዳሚ ነው፤ የእኛ ዝናብ በዚያ መንገድ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት በፀሐይ ወጥተን ጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ ጉም ይውጠናል። ሊዘንብ ነው ማለት ነው?
(የአይሱዙ ሾፌር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጉም መሬት የነካ ደመና ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 10 ዲግሪ እየቀዘቀዘ አፋፉ ላይ ጉም ይሆናል። ካፊያ ሊያመጣ ይችላል፣ ዶፍ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። ረጅም መብራት አታብራ፤ ጉሙ መልሶ ዓይንህ ላይ ነው የሚያበራብህ። አጭሩን አብራ፤ ስትመለስም ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረድ።