የሕግ ምክር፦ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሙሉ ውክልና ልስጥ?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። በፓርኪንሰን ምክንያት እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ባንክ «ፊርማዎ አይመሳሰልም» እያለ ይመልሰኛል። የወንድሜ ልጅ «ሙሉ ውክልና ይስጡኝና ይረፉ» ይለኛል። ሕጉ ይፈቅዳል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይፈቅዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ የሕግ ችሎታ አያሳጣም። መፈረም ያልቻለ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 መሠረት በፊርማ ፋንታ የጣት አሻራ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ አያይዘው፣ የፊርማ ናሙናዎ እንዲታደስ ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነው። ቤት አለዎት? ባለቤትዎስ? ረቂቁን አንብበውታል? ለጡረታ ገንዘብ ተብሎ «ሙሉ» ውክልና ሲጠየቅ እነዚህን ሳይነግሩኝ መቅረትዎ ደግ አይደለም።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት እዚህ ላይ ነው። በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት በቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ረቂቅ አዘጋጅ ታዲያ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በመያዣ እንዲያስይዝ» የሚል መስመር ይጨምርበታል። ታማሚው ለባንክ ጉዳይ ብሎ ይፈርማል፤ ወረቀቱ ግን ቤቱንም ያሸጣል። ውክልናን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይቻላል፤ ሽረቱን ያላወቀ ገዢ አስቀድሞ ከተዋዋለ ግን ዓመታት የሚፈጅ ክርክር ይጠብቅዎታል። የወንድምዎን ልጅ አልጠረጠርኩም፤ የምጠረጥረው ወረቀቱን ነው።

ውክልናው የባንኩን ስምና የሒሳብ ቁጥሩን ይጥቀስ፤ መሸጥ፣ በስጦታ መስጠትና ማስያዝ እንደማይችል በግልጽ ይጻፍበት፤ ተወካዩ በየጊዜው ሒሳብ ያቅርብ። ቤቱ የጋራ ከሆነ ያለ ባለቤትዎ ስምምነት መሸጥ እንደማይቻልም ይወቁ።

ሌላም አለ። ሕመሙ በአንዳንድ ሰው ላይ እያደር የማሰብ ችሎታን ይነካል፤ ወካዩ (ማለትም እርስዎ) ችሎታ ሲያጣ ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው በቁጥር 2232 ይቋረጣል። ስለዚህ አእምሮዎ ጤነኛ መሆኑን የሚገልጽ የነርቭ ሐኪም ማስረጃ በፊርማው ሰሞን ያውጡ። ሌቮዶፓ የተባለውን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ በሚያይልበት ሰዓት ያለ ፈቃድ መወራጨትን ሊያመጣ ይችላል፤ ሰውነትዎ የሚረጋበትን ሰዓት የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና ቀጠሮውን በዚያ ያስይዙ። መሄድ ካቃተዎት ውልና ማስረጃ ቤትዎ መጥቶ እንዲያስፈርምዎ ይጠይቁ። ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብልዎ።

የቤት ካርታዎን፣ የጋብቻ ማስረጃዎን፣ የሕክምና ወረቀትዎንና ረቂቁን ይዘው በአቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። እስከዚያው ምንም አይፈርሙ፤ አስቀድመው ፈርመው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቅጂውን አውጥተው ለጠበቃው ያሳዩ።