የባሕር ዓሣ ማደኛ ጦር መለዋወጫ ድሬ ላይ ይሠራል? ጥያቄና መልስ

ለውሃ ውስጥ ማደኛ የሚሆን መለዋወጫ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ጎሚስታው፣ ቶርኖ ቤቱና ልብስ ሰፊው ግን ቅርብ ናቸው። ጥያቄዎቹ በሙሉ በላስቲክ ጉልበት ጦር ስለሚያስፈነጥረው ዓይነት ናቸው።

ከቀፊራ፦ ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። ከመኪና ከመነዳሪ ቆርጬ ብተካውስ?

ለማስፈንጠሪያ አይሆንም። የዛሬ ከመነዳሪ አብዛኛው ቡታይል የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ አየር አያሳልፍም እንጂ ተለጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ ጉልበቱንም ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ጦሩ ከአፉ ወጥቶ ብዙ ሳይሄድ ይደክማል። የሚያስፈልገው የተፈጥሮ ላቴክስ ቱቦ ነው፤ የውጭ ውፍረቱ 14 ወይም 16 ሚሊ፣ የውስጥ ቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊ። በሜትር አስመጥቶ እዚህ መቁረጥና ማሰር ይቻላል። የሕክምና ላስቲክ ቀዳዳው ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ ለእጅ ጦር ካልሆነ አይበቃም።

እሺ፣ ቱቦው ተገኘ እንበል። ስንት ሳንቲ ሜትር ልቁረጥ?

ከማስፈንጠሪያው አፍ ላስቲኩ ተለጥጦ እስከሚጠልቅበት የጦሩ ጥርስ ድረስ ያለውን ለካ። 70 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን 140 ነው። ከዚህ ላይ ሁለቱን የላስቲክ ጫፎች አያይዞ ጥርሱ ላይ ለሚጠልቀው ማገናኛ ክር 10 ቀንስ፣ የቀረውን 130 ለ3.3 አካፍል፤ 39 ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ለማሰሪያ በየጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ጨምርና 43 ተኩል ላይ ቁረጥ። ክንድህ ገና ካልጠነከረ ለ3 አካፍል። ከ3.5 በላይ መለጠጥ ላስቲኩን ቶሎ ይገድለዋል፤ የሚገኘው ተጨማሪ ኃይልም ያን ያህል አይደለም።

ማሰሩ ላይ አትቸኩል። የማገናኛውን ክር ጫፍ ጠንካራ ቋጠሮ ቋጥረህ በሳሙና ውሃ እያንሸራተትክ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ቱቦው አስገባው። ዘይት ወይም ግሪስ እንዳትቀባ፣ ላቴክስን ያሟሟዋል። ከዚያ ከቋጠሮው ኋላ፣ ማለትም ከቱቦው አፍ በኩል፣ በጫማ ሰፊ ሰም የተቀባ ናይለን ክር ሁለት ቦታ አጥብቀህ እሰር። በሽቦ የታሰረ ላስቲክ ከሽቦው ሥር ተቆርጦ ፊት ላይ ይመጣል። የመጀመሪያውን መለጠጥ መነጽር አድርገህ፣ ምሰሶ ላይ አጥልቀህ ሞክረው፤ ጦር ሳይኖር።

ከሳቢያን፦ አዲሱ ላስቲክ ሳይሠራበት ለምን ይበላሻል?

የድሬ ሙቀት ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ላቴክስ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፤ ፀሐይ የመታው ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ጨውን በንጹሕ ውሃ አጥበህ ጥላ ውስጥ አድርቅ፣ ታልክ ነስንስበት፣ ብርሃን በማያሳልፍ ከረጢት ጠቅልለህ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥ። ከሞተርና ከጄኔሬተር አርቀው፤ እዚያ የሚፈጠረው ኦዞን ጎማ ይበላል።

ከሸዋ በር፣ ሐረር፦ ዓሣው እንዳያመልጥ የሚከፈተው የጦሩ ክንፍ ጠፋ። ቶርኖ ቤት ይሠራዋል?

ይሠራዋል፣ ቤትም በሞረድ ይወጣል። 1.5 ሚሊ ስቴይንለስ ላሜራ፣ ርዝመት 7 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋት 8 ሚሊ። ለመያዣው የስቴይንለስ ብየዳ ኤሌክትሮድ 2.5 ሚሊውን ወስደህ ሽፋኑን አራግፍ። ጦሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ከዚያው ጋር ይጥበቅ፣ የክንፉ ግን በትንሹ ይላላ። ሁለቱን ጫፍ በመዶሻ ከማደንደንህ በፊት በክንፉና በጦሩ መካከል ወረቀት አስገባ፤ ከጨረስክ በኋላ ሳበው፣ የሚቀረው ክፍተት እንዲታጠፍ ያስችለዋል። በጣም ከላላ ግን በጉዞ ላይ ተከፍቶ የጦሩን አቅጣጫ ያጣምመዋል።

አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ ኮባልት መሰርሰሪያ፣ ዝግተኛ ዙር፣ ጠንካራ ግፊት፣ ዘይት። በፍጥነት የተሰረሰረ ስቴይንለስ ላዩ ይጠነክርና መሰርሰሪያውን ያደነዝዘዋል። ጫፉን ስትስልም ውሃ ውስጥ እየነከርክ ሳል፤ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ጦሩን በፍጹም በእሳት አታቅና።

ጦሩ የሚታሰርበትን የናይለን ክር መቆንጠጫ በምን ልተካው?

ለ1.8 ሚሊ ክር ከፍሪጅ ጥገና የሚተርፍ ሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ 15 ሚሊ ቆርጠህ ጫፎቹን በሞረድ አለስልስ፣ ሞላላ አድርገው። ክሩን አሳልፈህ መልስ፣ ጫፉን በላይተር አቅልጠህ ድቡልቡል አድርግ። ከዚያ መሃሉን ብቻ በፒንሳ ጨፍልቅ፤ ዳሩ ከተጨፈለቀ ክሩን ይቆርጠዋል። የ50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢት ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገህ አንድ ሰዓት ስቀልበት፤ ከተንሸራተተ እንደገና ሥራው። በመዳብ ፋንታ አሉሚኒየም አትጠቀም፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነጭ ዱቄት ሆኖ ያልቃል።

የመጥለቂያ መነጽሩ ማሰሪያስ?

ከመነዳሪ እዚህ ጋ ጥሩ ነው። 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከኋላ ለሁለት ተሰንጥቆ። ስንጥቁ የሚያልቅበት ሁለቱም ጫፍ ላይ ክብ ቀዳዳ ብሳ፣ አለበለዚያ ይቀደዳል።

ከገንደ ቆሬ፦ ጦሩን ይዞ የሚለቀው የማስፈንጠሪያው ምላጭ እየተንሸራተተ ነው። ሞርጄ ላስተካክለው?

ተው! የምላጩ ጥርስ ከተሟሸሸ ጦሩ ሳትነካው ይወጣል፣ አጠገብህ ያለው ሰው ይሞታል። ይህን ክፍል አዲስ ከመግዛት ሌላ መንገድ የለውም። እስኪገኝ ላስቲኩን አውልቅ። ደኅና የሚሠራውንም ቢሆን ጦር ጭነህ ከውሃ ውጭ እንዳትለጥጠው።

ጅቡቲ ይዤው ብሄድ ችግር አለው?

ከሻንጣ ሳታወጣው እዚያው አገር ባለሥልጣን ጠይቅ። የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች አካባቢ የተጠበቀ የባሕር ክልል ነው።

ለመጥለቅ የሚታጠቁት የወገብ ክብደት ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ቀልጦ ይሠራል ይላሉ፤ እውነት ነው?

ጭሱ መርዝ ነው፣ አሲዱም አለ፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ግቢ እንዳይሞከር። ብረት ይበቃል። 8 በ8 ሳንቲ ሜትር፣ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀልል 4 ኪሎ እርሳስን ለመተካት 4.2 ኪሎ ብረት ያስፈልጋል። ቀበቶው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ካስወጣህ በኋላ መዝነው፣ ዝገት መከላከያ ቀባው። ቀበቶውን ሐረር ማኪና ግርግር ያሉት ሰፊዎች ከ5 ሳንቲ ሜትር የናይለን ጥብጣብ ይሰፉታል፤ ዘለበቱ ግን በአንድ እጅ ተስቦ የሚፈታ ይሁን፣ ቋጠሮ አይሁን።