ከማሽኑ በፊት ናሙናችሁን ቁጠሩ

«በቀን 40 ያህል ባለ 10 ሚሊ ሊትር የሜታኖል ናሙና አለን፤ አልፎ አልፎ ደግሞ አንድ ሊትር የዕፅዋት ኤክስትራክት እናወጣለን። ሮታሪ ኢቫፖሬተር (ፍላስክ እያሽከረከረ ፈሳሹን በቫኪዩም የሚያተን መሣሪያ) ብንገዛ ይበቃናል?» ላላችሁት፦ ለሊትሩ አዎ፣ ለ40ዎቹ ግን አይሆንም።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። እኛም ሮታሪውን ብቻ ገዝተን ነበር። ዕቃው በአንድ ጊዜ የሚያተነው አንድ ፍላስክ ነው፤ አድርቅ፣ አውልቅ፣ እጠብ፣ ቀጣዩን ግጠም፣ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል። ለእንደዚህ ያለው ሥራ ናይትሮጂን የሚነፋው ይሻላል። ቱቦዎቹ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይቆማሉ፣ በየቱቦው ላይ በቀጭን መርፌ ጋዝ ይነፋል። ለሜታኖልና ለሄክሳን ግሩም ነው፤ ውሃ ካለበት ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል። መርፌው ፈሳሹን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፣ የአንዱን ናሙና ወደ ሌላው ያሻግራል። ትነቱ የሚወጣው ወደ ክፍሉ ስለሆነ ያለ ፊውም ሁድ (ትነቱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ሳጥን) አታስቡት። ጋዝም በደንብ ይበላል።

ውሃ የበዛበት ናሙና ብዙ ካላችሁ ሴንትሪፉጋል ኢቫፖሬተር አለ። ሽክርክሪቱ ፈሳሹን ከቱቦው ግርጌ ስለሚይዘው በቫኪዩም ውስጥ ገንፍሎ አይወጣም። ዋጋው ግን ከሁለቱም ይከብዳል።

ሮታሪውን ከገዛችሁ ገንዘባችሁን ፓምፑና ማቀዝቀዣው ላይ አውሉት። ሻጭ የሚያሳያችሁ የሚሽከረከረውን ፍላስክና ስክሪኑን ነው፤ እኛም በእሱ ተሸወድን። ልማዱ ይህ ነው፦ የውሃ ገንዳው 60 ዲግሪ፣ ትነቱ 40፣ ኮንደንሰሩ (ትነቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ የሚመልሰው ክፍል) 20 ወይም ከዚያ በታች። ሜታኖል በ40 ዲግሪ እንዲፈላ ግፊቱ ወደ 340 ሚሊባር ገደማ ቢወርድ ይበቃዋል፣ ኢታኖል 175፣ ውሃ 72። ስለዚህ የቫኪዩም መቆጣጠሪያ ያስፈልጋችኋል። ያለ እሱ ፓምፑ እስከ መጨረሻው ይስባል፤ ያኔ ትነቱ ኮንደንሰሩ ላይ ሳይጠራቀም ፓምፑ ውስጥ ይገባል። የእኛ የመጀመሪያው ፓምፕ ባለ ዘይት ነበር፤ ሶልቨንቱ (የሚተነው ማሟሚያ ፈሳሽ) ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ አበላሸው። ውስጡ በቴፍሎን የተሸፈነ፣ ዘይት የማይፈልግ ዳያፍራም ፓምፕ ግዙ። ዲኤምኤስኦ (በቀላሉ የማይተን ማሟሚያ፣ የመፍያ ነጥቡ 189 ዲግሪ) ካላስጨነቃችሁ ከዚያ በላይ አያስፈልጋችሁም።

ፍላስኩን ከግማሽ በላይ አትሙሉ፤ ለአንድ ሊትር የሁለት ሊትር ፍላስክ ማለት ነው። የዕፅዋት ኤክስትራክት አረፋ ይወዳል፣ ቫኪዩሙን ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ከኮንደንሰሩ በፊት የግንፍል መያዣ ብርጭቆ መግጠምም አይርሳችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው የሦስት ቀን ሥራዬን ከመሰብሰቢያው ፍላስክ ውስጥ ለቅሜዋለሁ።

የምትለኩት ነገር ራሱ በቀላሉ የሚተን ከሆነ ደግሞ በየትኛውም መሣሪያ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ግማሽ ሚሊ ሊትር ሲቀር አቁማችሁ ወደምትፈልጉት መጠን ሙሉ።

በጀቱ ለአንድ ብቻ ከሆነ ናይትሮጂኑን ግዙ፣ ለሊትሩ የጎረቤት ላብራቶሪን ሮታሪ ተዋሱ። ሜታኖላችሁ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ግን አልነገራችሁንም፤ ሩብ ያህል ከሆነ ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ ጻፉልኝ።